ጫማ ውስጥ ሽምብራ

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የማስተምረውም እዚያው አካባቢ፣ 11ኛ ክፍል። በቀደም ተማሪዎቼን ስለ እርጅና ሲያስቡ የሚመጣላቸውን ቃል ጻፉ አልኳቸው። «መጃጀት»፣ «ነጭናጫ»፣ «ሸክም»። ደነገጥኩ። ብዙዎቹ እቤታቸው አያት ያላቸው ልጆች ናቸው እኮ!

ስለዚህ የሽማግሌ ሰውነት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ መልመጃ ሞከርን። መነጽር ላይ ቫዝሊን፣ ጆሮ ውስጥ ጥጥ፣ እጅ ላይ ወፍራም ጓንት፣ ጉልበት ላይ ፋሻ፣ ጫማ ውስጥ ደግሞ ጥሬ ሽምብራ። ከዚያ የሞባይል ካርድ ፍቀው እንዲሞሉ፣ መርፌ ላይ ክር እንዲያስገቡ፣ በመጨረሻም፣ ጎናቸው የሚደግፍ ጓደኛ መድቤላቸው፣ ውሃ የሞላ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ይዘው አራተኛ ፎቅ እንዲወጡ አደረግኩ። ሊፍት የለንም፤ ውሃውም በፈረቃ ነው።

የክፍሉ ቀልደኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ቲቸር፣ ታክሲ ላይ ‹ማዘር ፈጠን በሉ እንጂ› ብዬ አውቃለሁ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ደስ ብሎኝ ገባሁ። ማታ የጻፉትን ሳነብ ግን ልቤ ወረደ። «አሳዘኑኝ»። «እርጅና ቅጣት ነው»። «እዚያ ባልደርስ ይሻለኛል»። አዝነዋል፣ እውነት ነው፤ እርጅናን ግን ከበፊቱ ይበልጥ ፈሩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው እኮ በአንድ ከሰዓት 80 ዓመት አይሞላውም፤ ቀስ በቀስ፣ ለእያንዳንዱ ድካም መላ እየፈለገለት ነው የሚያረጀው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሰውን በዕድሜው መናቅን «ኤጂዝም» ብሎ ስም ያወጣለት ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው፣ በ1969 እ.ኤ.አ.። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዋ ቤካ ሌቪና ባልደረቦቿ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ስለ ራሳቸው እርጅና መልካም የሚያስቡ ሰዎች ከሌሎቹ በአማካይ 7.5 ዓመት የበለጠ መኖራቸውን አሳይተዋል። ልጆቹ ዛሬ ስለ አያቶቻቸው የሚያስቡት ዞሮ ዞሮ ራሳቸው ላይ ነው የሚመጣው።

በሳምንቱ ጎረቤቴን እማማን ለመንኳቸው። እንዝርትና ባዘቷቸውን ይዘው ክፍል መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸውን አያዩትም። ቀልደኛውን «የማን ልጅ ነህ?» እያሉ ሲያዋሩት ክሩ ከጣታቸው ሥር እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይወጣል። እንዝርቱን ሰጡት። ተበጠሰበት። ደገመ፤ ተበጠሰ።

«አትጎትተው ልጄ፣ ጥጡ ራሱ ይመጣልሃል።»

ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ማን አስተማረዎት? ስንት ጋቢ ፈትለዋል? ስለ ጉልበታቸው የጠየቀ አንድም ልጅ የለም። ደግሞ የሚገርመው፣ እሳቸውና ልጁ አንድ ብሎክ ናቸው፤ አራት ዓመት ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ስማቸውን አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ሽምብራውን አልተወውም፣ ግን መጀመሪያ እማማ ይመጣሉ። ባዘቶው ለዚህ ሁሉ ልጅ አይበቃም ብለውኛል። ቅዳሜ ጥጥ ልገዛ ነው።