መግቢያውን መጨረሻ መጻፍ
ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ በተከራየኋት ክፍል የመጀመሪያ የጥናት ጽሑፌን ስጀምር መግቢያው ላይ ብቻ 3 ሳምንት ፈጀሁ፤ ርዕሴ የቤት ውስጥ ውኃ አያያዝና የሕፃናት ተቅማጥ ሆኖ ሳለ፣ ነገሩን ከአፄ ፋሲለደስ ዘመን አንሥቼው ነበርና። አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጥያቄህ የቱ ነው?» ከማለት በቀር አንዳች አልጻፉም (እውነቱን ለመናገር፣ ቅር ብሎኝ ነበር)።

ከዚያ ወዲህ የምጀምረው ከመካከል ነው፦ መረጃው ከማንና እንዴት እንደተሰበሰበ የሚያስረዳውን የጥናት ዘዴ አስቀድሜ፣ ሠንጠረዦቹንና ውጤቱን አስከትዬ፣ ትርጓሜውን ለውይይቱ ክፍል አቆይቼ፣ መግቢያውንና አኅጽሮተ ጥናቱን (የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ) በመጨረሻ እጽፋለሁ። «ተያያዥነት አለው» እና «ምክንያቱ ነው» የተለያዩ መሆናቸውን፣ በተለይ መረጃው አንድ ጊዜ ብቻ የተሰበሰበ ሲሆን፣ ለመቀበል ግን ዘግይቻለሁ፤ ከሁለተኛው ረቂቅ ላይ «ያስከትላል» የሚለውን ቃል ከ11 ቦታ ሰርዣለሁ።