ኢቃማው ምን ይላል?

በ2013 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ አንዲት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎርም እንሞላለን፣ ፓስፖርት ኮፒ እናደርጋለን። ዐረብኛ የምትጽፍ የሥራ ባልደረባ ስለነበረችኝ ደግሞ ዓረብ አገር ልጅ ያለው ሁሉ እኛን ብሎ ይመጣል።

መጋቢት ላይ ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ። ሳዑዲ ከፋላን፣ ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር አስሮ የሚያቆየውን ሥርዓት፣ አነሳች! ከመጋቢት 5 ጀምሮ ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ መቀየር ይችላል። ወሬው መሠረት ነበረው። ግን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ሲደርስ ግማሹ ተቆርጦ ቀርቷል።

በዚያው ሰሞን ከሉማሜ አንዲት እናት ከወንድ ልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ ቪዲዮውን ከፍቶ አሳየን። እህቱ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ በወር 1,000 ሪያል። ዕረፍት የሚባል ነገር የላትም። «ይኸው ሕጉ ፈቅዷል። በዐረብኛ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፉልን። በኢሞ እንልክላታለን፣ ለማዳሟ ሰጥታ ዛሬውኑ ትውጣ» አለ።

እኔ ወረቀት ፕሪንተሩ ላይ አስተካከልኩ። ባልደረባዬ ግን ኪቦርዱን አልነካችም። እሷ ጅዳ የኖረች ናት። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ሕጋዊ ወረቀት የላቸውም ያለቻቸውን ስታስወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተመለሱት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አንዷ ነበረች። ያን ጊዜ ከአሠሪዋ ጠፍታ ነበር የምትሠራው።

«ኢቃማዋ ላይ ሙያዋ ምን ይላል?» አለችው።

«ምኑን አውቄ?»

ኢሞ ላይ የተላከ የኢቃማዋ፣ ማለትም የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዷ፣ ፎቶ ተገኘ። ደብዝዟል። ባልደረባዬ በሁለት ጣቷ እያሰፋች አየችው። የቤት ሠራተኛ ይላል። ስልኩን መለሰችለትና «ይሄ ሕግ እህትህን አይመለከታትም» አለችው።

ያኔ የወጣው አዲስ ደንብ በሠራተኛ ሕጉ ሥር ላሉ፣ በኩባንያና በድርጅት ለተቀጠሩ ሰዎች ነበር። የቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሾፌር፣ አትክልተኛ፣ እረኛ አልተካተቱም። ከኛ አገር ሴቶች አብዛኞቹ በዚያ በኩል እንዳሉ እያወቁ «ከፋላ ቀረ» እያሉ ላይክ የሚሰበስቡ ሰዎች ያናድዱኛል። ለቤት ሠራተኞች ለብቻው ሌላ ደንብ አለ። ለምሳሌ የሦስት ወር ደሞዝ ካልተከፈላት ወደሌላ አሠሪ መዛወር ትችላለች።

«ማዳሟ ደሞዟን ትሰጣታለች?» ብላ ጠየቀች ባልደረባዬ።

«እሱንስ ትሰጣታለች፤ ይብላኝ ለእንቅልፏ!» አሉ እናት።

ዝም ብላ ከወጣችስ? በዚያ ጊዜ በነበረው አሠራር አሠሪው ስልኩን ነካክቶ «ጠፍታለች» ብሎ ያስመዘግባል። ሁሩብ የሚሉት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በኢቃማዋ መሥራት የለም። ፖሊስ ካገኛት ወደ ማቆያ፣ ከማቆያ ወደ አውሮፕላን። ኮንትራቱን ብትጨርስ አሠሪው ይቆርጠው የነበረው ትኬትም ይቀራል።

ልጁ ደሙ ፈላ። «እናንተ የኤጀንሲው ሰዎች ናችሁ እንዴ?»

እናት አላመነቱም። ከፌስታላቸው የኮንትራቱን ኮፒ አወጡ። ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ሊበጠስ ደርሷል። «ስንት ወር ቀራት ልጄ?» ባልደረባዬ ቀኑን አየችና በጣቷ ቆጠረች። አምስት ወር።

ኢሞ ተደወለ። ልጅቱ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ማዳሟ እንዳትሰማ ቧንቧ ከፍታ ነው የምታወራው። የውሃው ድምፅ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል። ባልደረባዬ ቶሎ ቶሎ ነገረቻት። አትውጪ። የኢቃማሽን ቁጥር በቃልሽ ያዢ። የኤምባሲውን ስልክ በሌላ ስም መዝግቢ። ኮንትራቱ ሊያልቅ ሲል ሳታስቢበት አትፈርሚ። «እሺ እህቴ» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ደንብ ሆነ፤ ኢቃማ ሳናይ የመልቀቂያ ደብዳቤ አንጽፍም። ደንበኛ አንዳንዴ ይቆጣል፤ ቢቆጣም ይሻላል።

ልጁ ሊወጣ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። የአክስታቸው ልጅም እዚያው ሪያድ ናት፤ በጽዳት ኩባንያ ተቀጥራ ሆስፒታል ታጸዳለች። የእሷም ኢቃማ ስልኩ ላይ አለ። ባልደረባዬ አየችው። አሠሪዋ ኩባንያ ነው ይላል። ከገባች ዓመት አልፏታል። ውሏ መንግሥት ጋ በኦንላይን መመዝገቡን ደውላ ጠየቀቻት፤ ተመዝግቧል። «እቺ ትችላለች። ግን ቀድማ ማሳወቅ አለባት፤ በአንድ ቀን መውጣት የለም» አለችና መተየብ ጀመረች።

ልጁ ከጀርባዋ ቆሞ ያያል። «ሁለቱም እኮ የሚወለውሉት ወለል ነው» አለ።

«እንግዲህ» አለችው ሳትዞር። «50 ብር።»