አቡ ዘይድ አል-በልኺ እና የወስዋስ ሕክምና

በውዱእ (ከሶላት በፊት በሚደረገው ትጥበት) እና በሶላት ጥርጣሬ የሚሠቃይ ሰው «ኢማንህ ቢደክም ነው» ሲባል ስሰማ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ትዝ ይለኛል። በዛሬዋ አፍጋኒስታን በበልኽ አካባቢ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ934 ያረፈው ይህ ሊቅ፣ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ የነፍስን ሕመሞች ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘን እና ወስዋስ (እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብና ጥርጣሬ) ብሎ ለይቷል፤ ነፍስን ረስተው አካልን ብቻ የሚያክሙ ሐኪሞችንም ነቅፏል። ለአካል ድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤት እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ሰው በተረጋጋበት ሰዓት ጤናማ ሐሳቦችን አሰናድቶ ለጭንቅ ቀን እንዲያኖርም መክሯል። አሜሪካዊው አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያዳበረው፣ አስተሳሰብን በማረም ላይ የተመሠረተ ሕክምና ከዚህ ምክር ጋር በብዙ ይቀራረባል። ቤክ ከበልኺ ወረሰ ማለቴ ግን አይደለም፤ እንዲህ ያለው ፉክክር ለታማሚው የሚጨምርለት ነገር የለም።

ወስዋስ ያለበትን ሰው በመስጊድ የውዱእ ቦታ አይቶ የማያውቅ ጥቂት ነው። ሶላት መጀመሩን የሚያበስረው ኢቃማ ተብሎ ጀመዓው ሰልፍ ይዟል፤ እርሱ ግን ክርኑ ጋ ውኃ ያልደረሰው እየመሰለው እጁን ደጋግሞ ያጥባል፣ ይጠራጠራል፣ እንደገና ከፊቱ ይጀምራል። ፊቅህ (የእስልምና ሕግ ትምህርት) ለዚህ ሰው ግልጽ መልስ አለው፦ እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይነሳም። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ላይ ውዱኡ የፈረሰበት የሚመስለው ሰው ድምፅ ካልሰማ ወይም ሽታ ካላገኘ ሶላቱን እንዳያቋርጥ አዘዋል። ዑለማዎችም ወስዋስ የጸናበት ሰው ጥርጣሬውን ችላ ብሎ እንዲያልፈውና ትጥበቱን እንዳይደግም ይመክራሉ።

የሥነ ልቦና ባለሙያው ቪክተር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው ሥራ መሠረት የጣለለት የዘመናችን የወስዋስ ሕክምናም ታማሚው የሚያስጨንቀውን ነገር እንዲጋፈጥና ማረጋጊያ አድርጎ የያዘውን ድግግሞሽ እንዲተው ያሠለጥናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ «አትድገም» የሚለውን ፈትዋ (የሃይማኖት ሊቅ ብይን) የሰማ ሰው ጭንቀቱ ሲያይልበት ብቻውን ይቀራል፤ ባለሙያው ግን ጭንቀቱን እስኪለምደው ድረስ በየደረጃው አብሮት ይቆያል። በሌላ በኩል ፊቅሁን የማያውቅ ባለሙያ፣ ውዱእ ላይ አንድን አካል ከሦስት ጊዜ በላይ ማጠብ የተጠላ መሆኑን ስለማያውቅ፣ ታማሚው ራሱ ሊቀበለው የሚችለውን ወሰን ሳይጠቀምበት ያልፋል። ስለዚህ ወስዋስ ያለበት ሰው ወደ ሸይኹ ሲመጣ ሸይኹ ፈትዋውን ሰጥቶ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ቢልከው፣ ባለሙያውም ስንት ጊዜ መታጠብ እንደሚበቃ ከሸይኹ ጠይቆ ሕክምናውን በዚያ ልክ ቢያዘጋጅ እመኛለሁ።