የሂካማ ችፕስ በደብረ ብርሃን፦ ያስቸገረኝ ውሃው ነው

በመጨረሻ ኩርሽም የሚል የሂካማ ችፕስ ጠበስኩ። ጉራ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ፤ ግን ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ ስታገለው የከረምኩት ነገር ስለሆነ ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

ለማታውቁት፣ ሂካማ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ከላይ ሐረግ ነው፤ ወገኑም ከነባቄላና አደንጓሬ ነው። የሚበላው ግን አፈር ውስጥ የሚያብጠው ሥሩ ነው። ልጣጩ ቡናማና ወፍራም፣ ውስጡ ነጭ ነው። ጥሬውን ሲበሉት ጣፈጥ ይላል፤ ውሃው አፍ ይሞላል።

«ድንች በሞላበት አገር ምን አስጨነቀህ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እናቴ ስኳር አለባት። የድንች ጥብስ ደግሞ ነፍሷ ነው፤ በጾም ቀን በተለይ። 100 ግራም ድንች ወደ 17 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲኖረው ሂካማ 9 ግራም ገደማ ነው ያለው፤ ከዚያም ከግማሽ በላዩ አሰር ነው። ይሄን ሳነብ ነው ልቤ የተነሳው።

እርሻውን ቶሎ ልለፈው። ዘሩን አዲስ አበባ ካለ ጓደኛዬ አገኘሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የማይታሰብ ነው፤ ሂካማ ውርጭ ካገኘው አለቀለት፣ እኛ ጋ ደግሞ ከጥቅምት በኋላ ውርጭ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ከጣርማበር ወዲያ ወረደ፤ ሸዋ ሮቢት አክስቴ ጓሮ። ሰኔ ላይ ዘራችው፣ አበባውን እየቀነጠሰች ጉልበቱን ወደ ሥር አደረገችው፣ ጥር ላይ ተነቀለ። ምስጋናው የእሷ ነው። እኔ የጠበስኩት ብቻ ነኝ።

አሁን ወደ ውሃው።

ድንች ሲጠበስ የሚረዳው ስታርቹ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይጣበቃል፣ ከዚያ ላዩ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። ሂካማ ስታርቹ ትንሽ ነው፤ ከመቶው 90 እጁ ውሃ ነው። ጥሬውን ከትፋችሁ ዘይት ውስጥ ብትጨምሩት ዘይቱ ይንጣጣል፣ ላዩ ይጠቁራል፣ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ሰሃን ላይ ትንሽ ሲቆይ ልፍስፍስ ይላል። «በቀጥታ ጥበሱት» የሚሉትን ቪዲዮዎች አትመኑ። የሚጠብሱትን ያሳያሉ እንጂ ሲቆረጥሙት ድምፁን አያሰሙም።

እና መቀቀል ግድ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ አገራችን ገባችበት። የምግብ አሠራሮቹ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይላሉ። ጻፊዎቹ ቆላ ያሉ ሰዎች ይመስሉኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 90 አካባቢ ላይ ነው። ቢንተከተክም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። የባቄላ ንፍሮ እዚህ ለምን እንደሚያስመሽ የገባው ሰው ይሄም ይገባዋል። ሂካማ ደግሞ በባሕሪው ግትር ነው፤ ቶሎ አይለሰልስም። እኔ በተራ ድስት ግማሽ ሰዓት አስቀምጠዋለሁ። ፕሬዠር ኩከር ያላችሁ ተገላገላችሁ።

ሰዓቱን ግን ተዉትና እንጨት መስሎ የተከተፈውን ሂካማ እዩ። በጣት ውፍረት የከተፋችሁትን አንዱን በሹካ አውጡና ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ጎበጥ አድርጉት። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ገና ነው። ትንሽ ጎብጦ ከመለሰላችሁ በቃው። የሚቀቀልበት ውሃ ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የምትጨምሩ ሰዎች አቁሙ፤ አሲድ አትክልትን ያጠነክራል እንጂ አያለሰልስም። ሎሚ ቦታው መጨረሻ ላይ፣ ሰሃን ላይ ነው።

ተቀቅሎ ሲወጣ ዋናው ጠብ ይጀምራል። ውሃ ጠጥቶ ነው የሚወጣው። በፎጣ ብታደርቁት ላዩ ይደርቃል፣ ደቂቃም ሳይቆይ ከውስጥ መልሶ ያልበዋል። መጀመሪያ ሰፌድ ላይ አቡጀዲ አንጥፌ አሰጣሁት። እናቴ «አንተ ልጅ፣ ሰፌዴን ልታበሰብሰው ነው?» ብላ ተቆጣች። ለሰፌዱ አዘንኩለት፤ ግን ጉዳዩ ሌላ ነበር። ሰፌድ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከታች አየር አያስገባም። የላዩ ደርቆ የታቹ እርጥብ ይሆናል።

መፍትሔው ወንፊት ሆነ። ሰፊው የሽቦ ወንፊት፣ ባዶ ድስት አፍ ላይ ተቀምጦ። እንጨቶቹ ሳይነካኩ ይደረደሩበታል፤ ከላይ ዝንብ እንዳያርፍ ስስ ጨርቅ። ከዚያ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይና ነፋስ ባለበት። የእኛን የበጋ ነፋስ የማያማርር የለም፤ ፊት ያደርቃል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። ለዚህ ሥራ ግን እሱን የሚያህል የለም። የበልግ ዝናብ ካልቀደመ በቀር አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይበቃል። ጠርዙ ሸብሸብ ሲል፣ ጣታችሁን ስታሳርፉበት ሳይጣበቅ ቆዳ ቆዳ ሲላችሁ ደርሷል። ኤር ፍራየር (በሞቀ አየር የሚያበስለው የኤሌክትሪክ ዕቃ) ካላችሁ ግዴለም ሞክሩ፤ እኔ ግን መብራት የሚጠፋበት ቤት ውስጥ ወንፊቴን በምንም አልለውጥም።

ቀጥሎ ስታርች። ለግማሽ ኪሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ፌስታል ውስጥ ከሂካማው ጋር ወዝወዝ። ተርፎ የሚራገፍ መሆን የለበትም። የስንዴ ዱቄት አትጠቀሙ፤ ሊጥ ይሆንና ይላቀቃል። ያልተቀመመ የሽምብራ ዱቄት ጣዕሙ ደስ ይላል፤ እናቴ እሱን ነው የምትመርጠው። ግን ቶሎ ይነዳል፣ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

ጥብሱ ሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ መካከለኛ እሳት ላይ፣ ቀለም ሳይዝ ላዩ እስኪጨብጥ። ወደ ወንፊቱ ይመለሳል፣ ያርፋል። ሁለተኛው ሞቅ ባለ የሱፍ ዘይት። አንድ እንጨት ስትጥሉ ወዲያው አረፋ ከቦት ብቅ ካለ ዘይቱ ደርሷል። ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፤ መጥበሻ ከሞላ ዘይቱ ይበርዳል፣ ችፕሱም ዘይት ይጠጣል። መውጫውን የምታውቁት በጆሮ ነው። የሚንቻቻው ድምፅ ሲቀንስ ውሃው አልቋል ማለት ነው፤ ያኔ አውጡት። ጨው ከዘይት ከወጣ በኋላ ብቻ። ቀድሞ ከገባ ውሃውን ጎትቶ ያወጣዋል፣ የደከማችሁበትን ሁሉ ገደል ይከተዋል።

አሁን ሐቁን ልንገራችሁ። ድንች ድንች አይልም። ውስጡ ትንሽ ጣፋጭ ነው፤ ሚጥሚጣና ሎሚ ካልደረሱለት ግር ይላል። ካፌ ስገባ አሁንም የማዘው የድንች ጥብስ ነው። «ክብደት ይቀንሳል» የምትሉም ዘይቱን ረሳችሁት፤ ዘይት የጠጣ ሂካማ ቀላል ምግብ አይደለም። ብዙ ከበላችሁ ደግሞ ሆድ ይነፋል፤ ኢኑሊን የሚባል አሰር አለው፣ አንጀት ውስጥ ገብቶ ጋዝ ይሆናል። እናቴ አንድ ሰሃን ከበላች በኋላ ለጎረቤት የምታካፍለው ከደግነት ብቻ አይመስለኝም።

አቀማመጡን ልብ በሉ። እኛ ቅዝቃዜ ሁሉን ያቆያል ብለን እናስባለን፤ ሂካማ ግን ከ12 ዲግሪ በታች ይጎዳል። ውስጡ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። ፍሪጅ አይሆነውም፤ የደብረ ብርሃን ሌሊትም አይሆነውም። እኔ በጋዜጣ ጠቅልዬ ማድ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ነው የማስቀምጠው።

ለመትከል ያሰባችሁ ደግሞ ይሄን አትለፉት፦ ፍሬው ባቄላ ቢመስልም አይበላም። ዘሩና ቅጠሉ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አላቸው፤ ተባይና ዓሣ ለመግደል ያገለግል የነበረ ነው። አክስቴ ደረቁን ዘር ልጆች የማይደርሱበት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

እስካሁን ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ከመጥበሻ ከወጣ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ኩርሽምታው ይሄዳል። ስታርቹን ብጨምር ይቆይ ይሆናል፤ ግን ያኔ የእናቴን ነገር ምን አደረግኩት? በሩዝ ዱቄት የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ሦስት ሥር ቀርቶኛል።