በጨው ስፍራ የቆሰለው ፈረሰኛ

የምሠራው ዋሽንግተን ውስጥ፣ የቅድመ አያቶቻቸውን ታሪክ ለማወቅ ለሚፈልጉ ሰዎች መዝገብ በሚያፈላልግ አነስተኛ ድርጅት ነው። አብዛኛው የሥራ ሰዓቴ የሚያልፈው በብሔራዊው ቤተ መዛግብት የንባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ይመለከታሉ። የጄኔራል ዘር የሆነ ሰው እኛ ዘንድ አይመጣም፤ ስለ አያቱ የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቶለታል። የሚመጣው የተራ ወታደር ዘር ነው።

አንድ ቀን ከኬንታኪ የመጡ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ጉዳያቸው ለእኔ ተመራ። የአያታቸው አባት ፈረሰኛ እንደነበረና «በጨው ስፍራ» እንደቆሰለ ከእናታቸው ሰምተዋል። ሌላ የሚያውቁት ነገር ቢኖር የተወለደበትን አውራጃ ብቻ ነበር። በቤተሰቡ ስም ፈለግኩ። በወታደሮች ማውጫ የለም፤ በጡረታ ማውጫም የለም። አለቃዬ ውጤቱን አይተው «መረጃ አልተገኘም ብለህ ጽፈህ ዝጋው» አሉኝ። የተከፈለን ለስም ፍለጋ ብቻ ስለነበር በደንቡ መሠረት ትክክል ነበሩ።

እኔ ግን ያ ጨው አላስተኛኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሶልትቪል የምትባል ከተማ አለች፤ የደቡቡ ጦርና ሕዝብ ሥጋ የሚያቆይበት ጨው በብዛት የሚመረተው እዚያ ነበር። የሰሜኑ ጦር ይህን የጨው ማምረቻ ለማጥፋት ኦክቶበር 2 ቀን 1864 ጥቃት ሲሰነዝር አምስተኛው የጥቁሮች ፈረሰኛ ሬጅመንት አብሮ ዘምቷል። ሬጅመንቱ ገና ተደራጅቶ አላለቀም። ወታደሮቹ ኬንታኪ ውስጥ በካምፕ ኔልሰን ተመዝግበው ብዙም ሳይቆዩ ነው የተንቀሳቀሱት። ፈረሶቹ አልተገሩም፤ የታደላቸው ጠመንጃም ኮርቻ ላይ ሆኖ ለመጉረስ የማይመች የእግረኛ ጠመንጃ ነበር። መንገድ ላይ ነጮቹ የጦር ጓዶቻቸው ሲያፌዙባቸው ሰነበቱ። ከፈረስ ወርደው ተዋጉ፤ አዛዣቸው ኮሎኔል ጄምስ ብሪስቢን በጻፉት ዘገባ መሠረት ከተዋጉት 400 ያህል ሰዎች መካከል 114 ወታደሮች ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። ሲያፌዙ የነበሩትም በመልሱ ጉዞ ዝም እንዳሉ ኮሎኔሉ ጽፈዋል። ሠራዊቱ ሲያፈገፍግ ሜዳ ላይ የቀሩት ቁስለኞች በማግስቱ በጥይት ተገደሉ። ከገዳዮቹ አንዱ፣ ቻምፕ ፈርግሰን፣ በ1865 ናሽቪል ላይ በስቅላት ተቀጥቷል።

ስለዚህ ሰውየው ከዚያ ቆስሎ በሕይወት ከወጣ፣ ያወጣው ሰው አለ ማለት ነው። ያወጣው ሰው ደግሞ አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ ቃሉን ሰጥቶ ይሆናል። ይህን ለአለቃዬ አስረድቼ ጊዜ ጠየቅኩ። ከሌላ ሥራ በተረፈህ ሰዓት ፈልግ አሉኝ።

እኛ አገር ፈረሰኛ ሁለት ስም አለው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። በዚህ ባህል ላደገ ሰው አንድ ሰው በአንድ ስም ጠፋ ማለት ሰውየው ጠፋ ማለት አይደለም። ልዩነቱ የእኛዎቹ ሁለተኛ ስም የክብር ስም መሆኑ ነው። ኬንታኪ ከሰሜኑ ጋር የቆመች ግዛት ስለነበረች ያመፁትን የደቡብ ግዛቶች ብቻ የሚመለከተው የሊንከን የነፃነት አዋጅ አልደረሰባትም፤ ከባርነት ወጥተው የተመዘገቡት ብዙዎቹ ወታደሮች የተጻፉት በጌታቸው ስም ነው። ከጦርነቱ በኋላ ግን አንዳንዶቹ የአባታቸውን ስም ያዙ።

ስለዚህ ሰውየውን ትቼ ጓደኞቹን መፈለግ ጀመርኩ። ከዚያው አውራጃ የተወለዱትን የሬጅመንቱን ወታደሮች ለይቼ የጡረታ ፋይላቸውን አንድ በአንድ አስወጣሁ። እነዚህ ፋይሎች ድንቅ ናቸው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ራሱ የተናገረው ቃል በመርማሪ እጅ ተጽፎ ይገኛል። አንዱ ወታደር ፈረሱ ኮርቻው አፍንጫ ላይ ወርውሮት ቡአ እንደያዘው፣ ሌላው ሌሊት ጭቃ ላይ ተኝቶ ቁርጥማት እንደያዘው ይናገራል። ሚስቶች ደግሞ የጋብቻ ወረቀት ስለሌላቸው ያዋለደቻቸውን አሮጊት ለምስክርነት ይዘው ይቀርባሉ። የ1864ቱ ሕግ ለጥቁር ወታደሮች መበለቶች ሁለት ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርን በቂ ማስረጃ አድርጎ ተቀብሏል፤ ቢሆንም መርማሪዎቹ ጥያቄያቸው ማለቂያ አልነበረውም። ያ ሁሉ ጥርጣሬ ሰዎቹን አንገላቷል፤ እኛን ግን ታሪካቸውን አወረሰን።

ከእነዚህ ፋይሎች በአንዱ ውስጥ አንድ የድንኳን ጓደኛ በጨው ስፍራ ጭኑን ተመትቶ የወደቀ ጓዱን በፈረስ ጭኖ እንዳወጣው ተናግሯል። ቀጥሎም «ያኔ በጌታው ስም ነበር የሚጠራው፤ አሁን በአባቱ ስም ይጠራል» ብሎ ሁለቱንም ስሞች ጠቀሰ። ሁለተኛው የአዛውንቷ ቤተሰብ ስም ነበር።

በመጀመሪያው ስም ስፈልግ ሁሉም ነገር ተከፈተ። የአገልግሎት መዝገቡ፣ ቁመቱ፣ ዕድሜው፣ የሆስፒታል ቆይታው፣ የጡረታ ፋይሉ። ከአገልግሎት ወረቀቱ ጋር ጌታው የነበረው ሰው ያቀረበው ማመልከቻም ተያይዟል፤ ለተመዘገበው ባሪያው መንግሥት 300 ዶላር እንዲከፍለው ይጠይቃል። ይህ ክፍያ ለታማኝ ግዛቶች ባሪያ አሳዳሪዎች በሕግ የተፈቀደ ነበር። ሌላ ብዙ ወረቀት አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያናደደኝ ግን የለም።

አዛውንቷ ቢሯችን መጥተው ፋይሉን ሲያዩ በ1998 ስለተመረቀው፣ ዩ ስትሪት ላይ ስለሚገኘው የጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ ነገሩኝ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ስለሆነ ቦታውን በደንብ አውቀዋለሁ። ከ200,000 በላይ ስሞች የተቀረጹበት ግድግዳ ፊት ቆመው የቤተሰባቸውን ስም ፈልገው አጥተው ተመልሰዋል። ስሙ በዚያ ካለ ያለው በሌላኛው ስም ነው አልኳቸው። ደስታና ቁጣ አንድ ላይ ፊታቸው ላይ ሲታይ አየሁ። የ300 ዶላሩን ማመልከቻ አንድ ጊዜ አንብበው ወደ ጎን አደረጉት። የጓደኛውን ቃል ግን ጮክ ብለው ደጋግመው አነበቡት። በመጨረሻ የአባቱ ስም ቀድሞ፣ ሌላው ከሥር በትንሹ እንዲጻፍ ጠየቁኝ፤ የድንኳን ጓደኛው ስምም በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንደሚሰፍር ነገሩኝ።

አለቃዬ ሪፖርቱን ፈርመው ከሰጡኝ በኋላ ከዚያ በፊት «መረጃ አልተገኘም» ተብለው የተዘጉትን የኬንታኪ ፈረሰኞች ደብዳቤዎች ከመደርደሪያ አውርደው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከላይ ያለው በጃንዋሪ 1865 ሲምፕሰንቪል አጠገብ የመንግሥት ከብት ሲነዳ በሽምቅ ተዋጊዎች የተገደለ ወታደር ነው። ከእርሱ ጋር ከብቱን ከነዱት መካከል የተረፉትን እየፈለግኩ ነው።