ሲሊኮን ያበሰበሰው ግድግዳ

ድርጅታችን በኒውዮርክ ግዛት በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን የውጭ ግድግዳ እንዲጠግን ተዋውሎ ነበር። ሕንጻው በጎቲክ ስልት የታነጸ ነው፤ ጣሪያው ሽቅብ የሾለ፣ መስኮቶቹም ጠባብና ጫፋቸው ሹል ሲሆን፣ አውሮፓ በጥርብ ድንጋይ የሠራችውን የገጠር አናጺዎች በሳንቃ ሠርተውታል። እንዲህ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት እንዲበዙ ካደረጉት መካከል በኒውዮርክ ከተማ የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን የነደፈው ሪቻርድ አፕጆን ይገኝበታል፤ አርክቴክት መቅጠር ለማይችሉ ምእመናን የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ፕላን የያዘ መጽሐፍ በ1852 እ.ኤ.አ. አሳትሞላቸዋል።

ግድግዳው ሰፋፊ ሳንቃዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ መጋጠሚያቸው በቀጭን ጣውላ የተሸፈነ ነው። ከእኛ በፊት የሠራው ተቋራጭ ግን የቀጫጭኖቹን ጣውላዎች ጠርዝ በሙሉ ሲሊኮን በተባለ እንደ ጎማ ያለ ማሸጊያ ደፍኖት ስለነበር ቀለሙ ከግርጌ ጀምሮ ተላጥቷል። ፎርማናችን አሮጌው ሲሊኮን ተፍቆ በአዲስ እንዲተካ አዘዘ፤ ካርቶኖቹም ቀድመው ደርሰው ነበር።

በቡድናችን ውስጥ በዕድሜ የገፉት አናጺ «መጀመሪያ አንዱን ነቅለን እንየው» አሉ። ስንነቅለው፣ የቀጭኑ ጣውላ ምስማር ሁለቱንም ሳንቃዎች ሳይነካ በመካከላቸው ባለው ክፍተት አልፎ ከኋላ ያለውን አግዳሚ እንጨት ይዞ አገኘነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ የጥንቱ አናጺ ይህን አስቦ ሳንቃዎቹ ሳይሰነጠቁ የሚንቀሳቀሱበትን ቦታ ትቶላቸዋል። ጠርዙ ሲደፈን ግን በስንጥቅ የገባው ዝናብና ከውስጥ የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ግርጌ ተጠራቅሟል፤ ቢላዬን ሳስጠጋው እርጥብ ዳቦ የወጋሁ ያህል ዘልቆ ገባ።

ሲሊኮን የሚወደደው ርካሽ ስለሆነና በርክክብ ዕለት ግድግዳውን አሳምሮ ስለሚያሳይ ይመስለኛል፤ ቀለም እንኳ በላዩ አይይዝም። ፎርማኑ ጥቂት ከተከራከረ በኋላ ካርቶኖቹን መለሰ። የበሰበሰው የሳንቃ ግርጌ ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ተቀጠለ። የቀድሞው ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ስለነበረበት አቧራው እንዳይነሳ እያረጠብን ፋቅነው፣ ይህም ሥራውን አዘገየው። አሁን ድርጅቱ ለእንዲህ ያሉ ሕንጻዎች በሚያዘጋጀው ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ተጨምሯል፦ ከማናቸውም የድፈና ሥራ በፊት ቢያንስ አንድ መሸፈኛ ጣውላ ተነቅሎ ምስማሩ የተመታበት መንገድ በፎቶግራፍ ለባለቤቱ ይቀርባል።