አስፋልቱ ከክሊኒኩ በፊት

ከሳኦ ፓውሎ ፖርቶ አሌግሬ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ደቡብ ብራዚል፣ ወደ ኡራጓይ ጠጋ ብሎ። ሰው ብራዚል የሚሄደው ለካርኒቫል ነው፣ እኔ የከተማ በጀት ላየ ሄድኩ። ጓደኞቼ ስቀውብኛል። ይሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1989 የሠራተኞች ፓርቲ ሰው የሆነው ኦሊቪዮ ዱትራ ከንቲባ ሲሆን፣ ከተማው ለግንባታ የሚያወጣው ገንዘብ የት ሰፈር ምን ላይ ይዋል የሚለውን ነዋሪው ተሰብስቦ ይወስን ተባለ። አሳታፊ በጀት የሚሉት፣ ዛሬ ስንትና ስንት ከተማ የሚኮርጀው ነገር ሀ ብሎ የጀመረው እዚህ ነው። ብዙ አንብቤበታለሁ። ግን ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ ደጅ ከጠናው ሰው አፍ መስማት ሌላ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን መሃል ከተማ ዞርኩ። ጓይባ የሚሉት ትልቅ ውሃ ዳር ቆሜ ወንዝ ነው ሐይቅ ብዬ ሁለት ሰው ጠየቅኩ፣ ሁለት መልስ አገኘሁ። (ክርክሩ የቆየ ነው አሉ።) በሜይ 2024 ይኸው ውሃ ከ5 ሜትር በላይ ሞልቶ እስከዚያ ትልቁ የነበረውን የ1941ዱን ጎርፍ በለጠ፤ መሃል ከተማውን ዋጠው፣ አየር ማረፊያውም ለወራት ተዘጋ። መከላከያ ግንብ አላቸው፣ ፓምፕም አላቸው። ግን ጎርፉ ሲመጣ አብዛኞቹ የፓምፕ ጣቢያዎች ቆሙ። ግንቡ ስር ቆሜ ያሰብኩት ስለ ጥገና ነው። አዲስ ህንፃ ይሠራልን ብሎ እጁን የሚያወጣ በየስብሰባው ሞልቷል፤ ያለው ይታደስ የሚል ግን ብርቅ ነው፣ እኔም ብዬ አላውቅም።

በማግስቱ ከአንድ ተማሪ አስተርጓሚ ጋር አውቶቡስ ይዘን ወደ ሎምባ ዶ ፒኜይሮ ወጣን። የከተማው ምሥራቃዊ ጫፍ ነው፤ የጥድ ኮረብታ እንደማለት። ለአሳታፊ በጀቱ ብለው ከተማውን ከከፈሉባቸው ክልሎች አንዱ። የምንፈልጋቸው ሴት ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው፣ ድሮ የሰፈሩ ተወካይ ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ዶና ይላቸዋል፣ በእኛ እትዬ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ምን ጠየቃችሁ አልኳቸው። ክሊኒክ ይላሉ ብዬ እስክሪብቶዬን አዘጋጅቻለሁ።

«አስፋልትና የፍሳሽ መስመር» አሉኝ።

«ክሊኒክስ?»

እንደ ሕፃን አዩኝ። «ልጄ፣ ያኔ ዝናብ ሲጥል አውቶቡሱ እታች አውርዶን ይመለስ ነበር። ነርሷ በምን ትመጣለች? ልጆቹን የሚያሳምማቸውስ ምን ሆነና? በራችን ላይ የሚፈሰው ቆሻሻ አይደል!»

እውነታቸውን ነው፣ እኔ ስንት ዓመት ጤናን ከጤና ቢሮ በጀት ውስጥ ብቻ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ለነገሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከተማው ሰፈሮች በብዛት ከላይ ያስቀመጡት ፍሳሽና አስፋልት ነበር። የዓለም ባንክ ጽሑፍ እንደሚለው፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር ያላቸው ቤቶች በ1988 ከነበሩበት 75 በመቶ በ1997 ወደ 98 በመቶ ደርሰዋል።

ሲጀመር ግን ቀልድ ነበር የሚመስለው። ሰው ተሰበሰበ፣ ጠየቀ፣ ካዝናው ባዶ ነው። የከተማው ገቢ ከሞላ ጎደል ለደሞዝ ነበር የሚያልቀው። ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ቀረ፤ በ1990 የመጣው 1,000 እንኳ አልሞላም። ከዚያ የቤትና የቦታ ግብሩ ተስተካከለ፣ ባለሀብቱ የበለጠ እንዲከፍል ተደረገ፣ ገንዘብ ገባ፣ አስፋልት መታየት ጀመረ። በ1992 ከ7,000 በላይ ሰው ወጣ። ዶና በየበሩ እያንኳኩ ይቀሰቅሱ ነበር፤ ብዙ ሰው ያመጣ ሰፈር ብዙ ተወካይ ያገኛላ።

ክፍፍሉ ደግሞ በነጥብ ነው። የሕዝቡ ብዛት ስንት ነው፣ አገልግሎቱ ምን ያህል ጎድሎታል፣ ራሱ ሰፈሩ ምን አስቀድሟል። ስሌቱን ሁሉም ያውቀዋል። የተሸነፈም ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል፣ ሲናደድም አውቆ ነው የሚናደደው።

ዶና ተነስተው ከቁም ሳጥን ላስቲክ የተጠቀለለች ብራሹር አመጡ። ከተማው በየዓመቱ የሚያሳትመው የግንባታ ዕቅድ ነው፤ የትኛው ሰፈር ምን ተፈቀደለት፣ አንድ በአንድ ተጽፏል። ጠርዟ ቢጫ ሆኗል። ካለቀው ሥራ ጎን በእርሳስ የራይት ምልክት አለ፣ ሁሉም የእሳቸው እጅ። እኔ ሪፖርት ሳነብ ነው የኖርኩት፣ እንዲህ ያለ ቁጥጥር ግን አላየሁም። መንገዱ፣ ራይት። ፍሳሹ፣ ራይት። ጤና ጣቢያውም በኋላ መጥቷል፣ ራይት። እሱ ላይ ግን ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ። ህንፃ አንዴ ይሠራል፤ ነርስና መድኃኒት በየዓመቱ ብር ይፈልጋል፣ ያንን ደግሞ እጅ በማውጣት ብቻ አታመጣውም አሉኝ።

ፓርቲው ከ16 ዓመት በኋላ በ2004 ምርጫ ወረደ። ስብሰባው ቢቀጥልም እየቀዘቀዘ ሄደ፣ በ2017 ደግሞ ለጊዜው ቆመ። «ስብሰባው አልጠፋም ነበር፣ ብሩ ነው የጠፋው» አሉ ዶና።

አንዲት መስመር ራይት የላትም። ምንድነው ስላቸው ይዘውኝ ወጡ። በቤቶች መሃል ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ደረጃ ሊሠራለት ነበር። ግማሹ ሲሚንቶ ነው፣ ከዚያ በታች አፈር። ጎረቤቶች ከየትም ያመጡትን የብረት ቱቦ ተክለው መደገፊያ አድርገውታል። ዶና እሱን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ አንድ አንድ እርምጃ እየወረዱ እስከታች አሳዩኝ። አስተርጓሚው ልጅ ሊደግፋቸው ሲል ተቆጡት።

ስንመለስ ብራሹሯን በላስቲኩ ጠቀለሏት። እርሳሷንም አብረው።